የአያቴ ስም በየትኛው ዓምድ ገባ? ስለ መዝገብ፣ ስለ ሰንጠረዥና ስለ ቲዩግ

እስራኤል ውስጥ ተወልዶ ያደገ የእኛ ልጅ ስሙን ሲጠየቅ ሁለት ስም ይናገራል፦ የራሱንና የሚሽፓኻውን። ያ ሁለተኛው ስም ግን ብዙ ጊዜ የአባቱ ስም አይደለም። የአያቱ ወይም የቅድመ አያቱ ነው፤ አንዳንዴም ወላጆቹ ራሳቸው «እንዴት እንደተጻፈ እንጃ» የሚሉት ስም ነው። በጎንደርም ሆነ በትግራይ አባቶቻችን የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ሰው በራሱና በአባቱ ስም ይጠራል፤ ካስፈለገ አያቱን ይጨምራል፣ በዚያው ያበቃል። ታዲያ ይህ ስም ከየት መጣ? ከሰንጠረዥ ነው የመጣው። ወረቀቱ ላይ «ሼም ሚሽፓኻ» የሚል ዓምድ ነበረ፣ ዓምዱ ባዶ መቅረት አልነበረበትም፣ አንድ ሰው አንድ ነገር ጻፈበት።

ይህን የምጽፈው ስለዚያ ዓምድ ነው። ታሪክ ነው ያጠናሁት፤ ዛሬ ግን ከሥራ ጊዜዬ ሰፊውን የሚወስደው መስመር ማስመር ነው። ስካን የተደረገ የቆየ ወረቀት ኮምፒውተር ላይ እከፍታለሁ፤ ሰንጠረዡ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ዓምዶቹና ረድፎቹ የት ላይ እንደሚለያዩ፣ የትኛው ሳጥን ራስጌ፣ የትኛው ደግሞ መረጃ እንደያዘ ምልክት አደርጋለሁ። እናንተ በዕብራይስጥ ቲዩግ የምትሉት ማለት ነው። በቂ ገጽ ምልክት ከተደረገበት በኋላ ማሽኑ ከዚያ ተምሮ የቀሩትን ገጾች በራሱ ያነባል፤ ምስል ብቻ የነበረው ወረቀት በስም ሊፈለግ የሚችል ዝርዝር ይሆናል።

አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሽም። ግን አንድ አግድም መስመር ትንሽ ዝቅ ካለ የአንዱ ልጅ የሌላው ልጅ ይሆናል። ይበልጥ የሚያስፈራኝ ደግሞ ውጤቱ ንጹሕ ሆኖ መውጣቱ ነው። የእጅ ጽሑፉ፣ ስርዙ፣ ማኅተሙ፣ የቡና ጠብታው ሁሉ ጠፍቶ ስሙ በኤክሴል ተደርድሮ ሲታይ ማን ይጠራጠራል?

ሰንጠረዥ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም

ሰንጠረዥ የፈረንጅ ቢሮ ያመጣው ነገር የሚመስላቸው ወጣቶች አጋጥመውኛል። በዓድዋ አጠገብ በአባ ገሪማ ገዳም ያሉት የወንጌል መጻሕፍት ከ1,300 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው በካርቦን ምርመራ ታውቋል፤ መግቢያቸው ላይ ያለው ሰንጠረዥ ነው። በተሳሉ ቅስቶች ሥር ቁጥር በዓምድ በዓምድ ተደርድሮ፣ የትኛው የወንጌል ክፍል ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ ያሳያል። እርግጥ የእኛ መጽሐፍ ኦሪት ነው፣ ወንጌል አይደለም። ወደ እኛ ቀረብ የሚለው ሌላ ሰንጠረዥ ነው፤ የባሕረ ሐሳብ።

ባሕረ ሐሳብ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በዓላቷንና አጽዋማቷን የምታወጣበት የዘመን ስሌት ነው። በብራና ላይ በተሰመረ መደብ ውስጥ ዓመቱ፣ ወንበሩ፣ አበቅቴው፣ መጥቅዑ በየዓምዳቸው እየተደረደሩ ይሄዳሉ፤ በየ19 ዓመቱም ዞረው ይመለሳሉ። ኦቶ ኖይጌባወር የሚባል የባቢሎንን የከዋክብት ሰንጠረዦች በማንበብ የታወቀ የሳይንስ ታሪክ ሊቅ፣ በ1979 ስለዚሁ ስሌት አንድ ትልቅ መጽሐፍ በቪየና አሳተመ። በግዕዝ ሰንጠረዦቹ ውስጥ ከክርስቲያኖቹ በዓላት ጎን የአይሁድ ፋሲካና የሌሎች የአይሁድ በዓላት ቀን የሚያወጡ ዓምዶች አገኘ። መጥቅዕ ራሱ፣ በግዕዝ መለከት ማለት ሲሆን፣ ከሮሽ ሃሻና ቀን ጋር የተያያዘ ነው። ኖይጌባወር የደረሰበት መደምደሚያ ይህ የግዕዝ ስሌት የጥንቱን የእስክንድርያ አይሁድ የዘመን አቆጣጠር ጠብቆ ያቆየ ነው የሚል ነበር። እስቲ አስቡት፤ የእስክንድርያ አይሁድ መቁጠሪያ በኢትዮጵያ ብራና ላይ፣ በክርስቲያን ጸሐፊ እጅ፣ በዓምድ ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል!

እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ ይህ ግኝት በየትኛውም አንድ ሳጥን ውስጥ ያልተጻፈ መሆኑ ነው። ዓምድን ከዓምድ ጋር በማስተያየት ነው የወጣው። ብራናዎቹን ስካን አድርጎ ቁጥሮቹን ብቻ የለቀመ፣ የየትኛው ዓምድ ቁጥር እንደሆኑ ግን ያላስቀመጠ ሰው ይህን ሊያገኝ አይችልም ነበር።

እነዚህ ሰንጠረዦች ለቲዩግ ሠራተኛ አንድ ስጦታ አላቸው። በእያንዳንዱ ረድፍ አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ። በ2015 ዓ.ም. አበቅቴው ፱፣ መጥቅዑ ፳፩ ነበር። በ2016፣ ፳ እና ፲። በ2017፣ ፩ እና ፳፱። በእጅ ጽሑፍ ላይ ፮ና ፯ በቀላሉ ይምታታሉ፤ ማሽኑ ፮ን ፯ ብሎ ቢያነበው ግን ጎኑ ያለው ፳፬ ወዲያው ያጋልጠዋል፤ 31 ይመጣል። የግዕዝ ቁጥር ለዜሮ ምልክት የለውም፤ ስለዚህ አበቅቴው ባዶ የሚሆንበት ዓመት ሲመጣ፣ ለምሳሌ በ2006፣ ሊቃውንቱ «አልቦ» ይላሉ፤ የለም ማለት ነው። መጥቅዑ ያን ጊዜ ፴ ነው። አልቦ ግን አይታወቅም ማለት አይደለም። ተሰልቶ ባዶ መሆኑ የታወቀ ነገር ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ ወደ ሰው መዝገብ ስንመጣ ያስፈልገናል። የሰው መዝገብ ደግሞ ተደምሮ 30 የሚሆንለት ነገር የለውም።

ዓምዱ ቀድሞ ሲጠብቅ

በ1880 በአሜሪካ የተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ተጠናቅሮ እስኪያልቅ ስምንት ዓመት ገደማ ፈጀ። ለ1890ው ቆጠራ ሄርማን ሆለሪዝ የሚበሳ ካርድና ቀዳዳውን የሚቆጥር ማሽን ይዞ መጣ። በካርዱ ላይ እያንዳንዱ ቦታ አንድ ትርጉም ብቻ አለው፤ ሰውየው የሚታወቀው በተበሳለት ቦታ ነው። በ1928 አይ.ቢ.ኤም ባለ 80 ዓምድ ካርዱን አወጣ፤ ለስም የተመደበው ቦታ ሲያልቅ ስሙም እዚያው ያልቃል። ካርዱ ዛሬ የለም፣ አስተሳሰቡ ግን አለ፦ መጀመሪያ ዓምድ ይሰመራል፣ ከዚያ ሰው ይገባበታል።

እስራኤልም ገና ጦርነት ላይ እያለች፣ ኖቬምበር 8 ቀን 1948 ምሽት ላይ፣ ሕዝቡ ከቤቱ እንዳይወጣ ታውጆ ተቆጠረ። የሕዝብ መዝገቡና የተኡዳት ዜኡት ቁጥሩ የሚነሱት ከዚያ ቆጠራ ነው። የእኛ ሰዎች ሲመጡ መዝገቡም ዓምዶቹም ቀድመው ተዘጋጅተው ጠበቋቸው።

በ1955ና በ1956 ለትምህርት ወደ ክፋር ባትያ የመጡት ወጣቶቻችን 27 ነበሩ። የ27 ሰው ዝርዝር በአንድ ገጽ ያልቃል። አስተማሪው ሁሉንም በመልክ ያውቃቸዋል፤ ዓምድ ቢሳሳት ሰው ያርመዋል። ከኖቬምበር 21 ቀን 1984 እስከ ጃንዋሪ 5 ቀን 1985 በዘመቻ ሙሴ የመጡት ግን ሺዎች ናቸው። በእግር ሱዳን ገብተው፣ በመጠለያ ሰፈሮቹ ዘመዶቻቸውን ቀብረው የመጡ ሰዎች። በዘመቻ ሰሎሞን ደግሞ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው ተጓጓዘ። የዚያን ቀን ፎቶዎች አይታችኋል፤ ግንባራቸው ላይ ቁጥር የተለጠፈባቸው ልጆችና አሮጊቶች አሉ። እኔ እነዚያን ፎቶዎች ባየሁ ቁጥር የማስበው በፎቶው ውስጥ የሌለውን ነገር ነው፤ ወረቀቱን። ቁጥር ብቻውን ምንም አይደለም እኮ። ዝርዝር ሲኖር ነው ትርጉም የሚያገኘው።

መዝጋቢዎቹን ለመክሰስ አይደለም ይህን የምለው። ሰልፉ ረጅም፣ አስተርጓሚው ጥቂት፣ ወረቀቱ ደግሞ ጥያቄውን አስቀድሞ የወሰነ ነው። «ሼም ሚሽፓኻ?» ሲባል አስተርጓሚው ምን ብሎ ይጠይቅ? «የአባትህ ስም ማነው?» ካለ አንድ መልስ ያገኛል። «የአያትህስ?» ካለ ሌላ መልስ ያገኛል። ሁለቱም መልሶች እውነት ናቸው፤ ጥያቄው ነው ለእኛ ያልተሠራው።

አንድ ምሳሌ

የእውነተኛ ቤተሰብ ወረቀት እዚህ ማውጣት ስለማይገባ ስሞቹን ራሴ አበጅቻቸዋለሁ። አለሙ የሚባል አባወራ አለ፤ አባቱ ተገኘ፣ አያቱ ፈረደ። ጸሐፊው በሚሽፓኻ ዓምድ ተገኘ፣ በራሱ ስም ዓምድ አለሙ፣ በአባት ስም ዓምድ እንደገና ተገኘ ብሎ ጻፈ። በሁለተኛው ረድፍ ሚስቱ ወርቅነሽ አለች፤ አባቷ አየለ። በሚሽፓኻዋ ቦታ ግን ያለው ሁለት ትንንሽ ጭረት ብቻ ነው፤ ወይም ዕብራውያን «ካናል» ብለው የሚያሳጥሩት፣ ከላይ እንደተጠቀሰው ማለት ነው። በሦስተኛው ረድፍ ልጃቸው ማሞ፣ የአባት ስም አለሙ፣ ሚሽፓኻ አሁንም ጭረት። አያችሁ? ወርቅነሽ አየለ የነበረችው ወርቅነሽ ተገኘ ሆነች። በአገር ቤት ሚስት የባሏን ስም አትወስድም፤ ይኸኛው ደግሞ የባሏ ስም እንኳ አይደለም፣ የአማቷ ነው። ማሞ አለሙ የነበረው ማሞ ተገኘ ሆነ። ሁሉም በሁለት ጭረት።

የአለሙ ታናሽ ወንድም ካሳ በሌላ ቀን፣ በሌላ ወረቀት፣ በሌላ ጸሐፊ ተመዘገበ። እሱ ሲጠየቅ አያቱን ጠራ፤ ሚሽፓኻው ፈረደ ተባለ። እነሆ የአንድ እናት ልጆች በወረቀት ላይ ባዕድ ሆኑ። የሚያገናኛቸው በአባት ስም ዓምድ ውስጥ ያለው ተገኘ ብቻ ነው። ለዚህ ነው በእኔ ፍርድ በእነዚህ ወረቀቶች ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ዓምድ የአባት ስም ዓምድ የሚሆነው። የፍለጋ ገጾች ግን ቀድመው የሚጠይቋችሁ ሚሽፓኻ ነው። ወጣቱ የአጎቱን ስም በራሱ ሚሽፓኻ ይፈልጋል፣ አያገኝም፣ «የለም» ብሎ ይዘጋዋል።

ወደ ቲዩጉ እንመለስ። ለማሽን ሁለት ጭረት ማለት የጥቅስ ምልክት ነው፣ ወይም አቧራ። ምልክት የሚያደርገው ሰው በዚያ ሳጥን ላይ ሁለት ነገር ለያይቶ ማስቀመጥ አለበት፦ የተጻፈው «ጭረት» ነው፤ ትርጉሙ «ላይኛው ሳጥን ውስጥ ያለው፣ ማለትም ተገኘ» ነው። አንዱን ብቻ ካስቀመጠ ነገሩ ይበላሻል። ጭረቱን ብቻ ካስቀመጠ ማሞ ሚሽፓኻ የለውም። ተገኘን ብቻ ካስቀመጠ ደግሞ ማሞ ራሱ ተጠይቆ ተገኘ ያለ ይመስላል። ጭረቱ በአዲስ ገጽ አናት ላይ ሲመጣ የባሰ ነው፤ የሚያመለክተው ያለፈውን ገጽ የመጨረሻ ረድፍ ነው፣ ያ ገጽ ደግሞ በሌላ ፋይል ውስጥ ነው፣ ወይም ጠፍቷል።

የቤተሰብ ቁጥሩም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፎ፣ በግራ ወይም በቀኝ ተዘርግቶ ለስድስትና ለሰባት ሰው ያገለግላል። እዚህ ላይ ምልክት ስናደርግ ሳጥኑን በስድስት መቆራረጥ አይገባም፤ አንድ ሳጥን ስድስት ረድፍ እንደሚሸፍን ነው የሚነገረው። መስመሩ ደብዝዞ ሰባተኛዋ ሰው፣ አንዲት አሮጊት፣ ከላይኛው ቤተሰብ ትሁን ከታችኛው ካልታወቀስ? ማሽን መወሰን ይወዳል። ሰው ግን «አልለየሁትም» የሚል ምልክት ማድረግ ይችላል፤ ማድረግም አለበት።

የዝምድና ዓምድን ማለፍ አልችልም። በእኛ የአጎት ልጅ ወንድም ይባላል። አያት ያሳደገችውን የልጅ ልጅ «ልጄ» ትለዋለች፣ ውሸትም አይደለም። አስተርጓሚው «ቤን» ይላል፣ ጸሐፊው «ቤን» ይጽፋል፤ የ60 ዓመት ሴት የ3 ዓመት ልጅ እናት ሆና ትገኛለች። በውጭ የሚያየው ሰው «መዝገቡ አይረባም» ሊል ይችላል። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ግን ወረቀቱ ላይ የአማርኛ ቃል በዕብራይስጥ ልብስ ተቀምጦ ያያል።

ፊደሉም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። የእኛን ተ አንዱ በቴት፣ ሌላው በታቭ ይጽፈዋል፤ ጠም ደግሞ በቴት ይጻፋል። ቸና ጨ ሁለቱም ጻዲ ከነጭረቷ ይሆናሉ። አናባቢው ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ ከዕብራይስጡ ተነስቶ የአማርኛውን ስም መልሶ ማግኘት ግምት ነው፤ ግምቱን የሚያጠብበው ስሞቻችንን ከቤት ሲጠሩ የሰማ ጆሮ ነው። እናንተ ያ ጆሮ አላችሁ። አማርኛ ማንበብ ያልቻለ ልጅ እንኳ አያቱ ጎረቤቶቿን ስትጠራ ሰምቷል።

ዓመቱ በማን አቆጣጠር?

ገጠር ለተወለደ ሰው የልደት ወረቀት አልነበረውም። እናት የምታስታውሰው «የመኸር ሰሞን ነበር»፣ «አብዮቱ በፈነዳ በዓመቱ»፣ «የእገሌ ሠርግ ሳይሆን በፊት» እያለች ነው። ይህ ጥሩ መረጃ ነው፤ ታሪክ አጥኚ እንዲያውም ይወደዋል። ዓምዱ የሚፈልገው ግን ቀን፣ ወርና ዓመት ነው። ስለዚህ በአንዳንድ ሽማግሌዎቻችን ተኡዳት ዜኡት ላይ በቀኑና በወሩ ቦታ ዜሮ ዜሮ ተጽፎ ታገኛላችሁ። ያ ዜሮ የባሕረ ሐሳቡ አልቦ አይደለም። አልታወቀም ማለት ነው። በጥንቃቄ ያልተሠራ ፕሮግራም ወይ ስህተት ብሎ ይጥለዋል፣ ወይ ዝም ብሎ ጃንዋሪ 1 ያደርገዋል። ከዚያ አንድ ተመራማሪ ተነስቶ «ይህ ሁሉ ሰው ለምን በአንድ ቀን ተወለደ?» ብሎ ይጠይቃል።

ዓመቱስ? ዘመቻ ሰሎሞን ሜይ 24 እና 25 ቀን 1991 ነው፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም.። ሁለቱም ትክክል። ግን በልደት ዓምድ ውስጥ 1960 የሚል ብቻውን ተቀምጦ ስናገኝ የየትኛው ነው? በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ ሰውየው የተወለደው በ1967 ወይም በ1968 ነው። ሰባት ስምንት ዓመት ቀላል አይደለም፤ ለልጅ የትምህርት ክፍል ነው፣ ለጎልማሳ ሠራዊት ነው፣ ለአዛውንት ጡረታ ነው።

አንዳንዴ ሰንጠረዡ ራሱ ይናገራል። እናት 1960፣ የመጀመሪያ ልጅ 1968 ተብሎ ከተጻፈ፣ በስምንት ዓመቷ አልወለደችም፤ ከሁለቱ አንዱ በአንድ አቆጣጠር፣ ሌላው በሌላ አቆጣጠር ገብቷል፣ ወይም አንዱ በግምት የተጻፈ ነው። ይህን ማየት የሚቻለው ረድፎቹ የአንድ ቤተሰብ መሆናቸው በትክክል ምልክት ከተደረገ ብቻ ነው። እንግዲህ ምልክት አድራጊው 1960ን እንዳለ ይጽፋል፣ አይነካውም። ጎኑ ላይ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሳይሆን አይቀርም» ይላል፣ ምክንያቱንም ያስቀምጣል። እናቲቱን ለመርዳት ብሎ 1967 አድርጎ የሚጽፍ ሰው ደግነት ያደረገ ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን መዝጋቢው ያደረገውን ነው።

ማሽኑ ከማን ተማረ?

ማሽን ሰንጠረዥ እንዲያነብ ማስተማር አዲስ ሙከራ አይደለም፤ በ2013 የሰነድ ትንተና ተመራማሪዎች በዚሁ ላይ ውድድር አድርገዋል። ነገሩ የገነነው ግን ትልልቅ የመማሪያ ስብስቦች ሲመጡ ነው። የአይ.ቢ.ኤም ተመራማሪዎች በ2019 ፐብታብኔት የሚባለውን፣ ከ500,000 በላይ የሰንጠረዥ ምስል ያለበትን ስብስብ አወጡ። ማይክሮሶፍት ደግሞ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰንጠረዥ የያዘውን ፐብቴብልስ-ዋን-ኤም አመጣ። ይህን ሁሉ በእጁ ያሰመረ ሰው የለም። ሰንጠረዦቹ የተወሰዱት ከሕክምናና ከሥነ ሕይወት የጥናት ጽሑፎች ነው፤ ጽሑፎቹ ከታተመው ገጽ ሌላ በኮምፒውተር ቋንቋ የተጻፈ ቅጂ ስላላቸው፣ ሁለቱን በማገናኘት ምልክቱ በራሱ ወጣ።

የእኛ ወረቀት ሁለተኛ ቅጂ የለውም። ካርቦን ወረቀት የደበዘዘበት፣ በእጅ የተሰመረ፣ ማኅተም የወደቀበት ነው። ሌላም አለ፦ እነዚያ ማሽኖች ያደጉት በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንደኛው ዓምድ በግራ ነው ብለው ያምናሉ። በዕብራይስጥ ቅጽ ተራ ቁጥሩ በቀኝ ጠርዝ ነው ያለው። ዕብራይስጥና አማርኛ ጎን ለጎን ባሉበት ወረቀት ላይ ደግሞ ዓምዶቹ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳሉ፣ በሳጥኑ ውስጥ ያለው አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባል። ማሽኑ ግራ ሲገባው አባትና ልጅ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ አለሙ ተገኘ ተገኘ አለሙ ይሆናል፤ ሁለቱም ለጆሮ ደህና ስም ናቸውና ማንም አይነቃም። እንደ ትራንስክሪቡስና እንደ ኢስክሪፕቶሪየም ያሉት መሣሪያዎች የማንበቢያውን አቅጣጫ ራሳችን እንድንነግራቸው ይፈቅዳሉ፤ የመጀመሪያው ሥራ ይህ መሆን አለበት። አማርኛው ፊደልም ቢሆን በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በኮምፒውተር የተዘጋጁ ዝርዝሮች ስማችንን በገዛ ፊደላችን ለመያዝ የጋራ መንገድ አልነበራቸውም።

ስለ ራስጌ አንድ ነገር ልበል። አንዳንድ የቆየ ወረቀት አናቱ ላይ «ፈላሻ» ይላል። ወጣቶች ይህን ሲያዩ ማጥፋት ይፈልጋሉ፤ ስሜቱ ይገባኛል። እኔ ግን እንዳለ ይጻፍ ባይ ነኝ፤ በ«የተጻፈው» ቦታ። በ«ትርጉሙ» ቦታ ቤተ እስራኤል ይባላል፣ ፍለጋውም በዚህ ስም ይሠራል። ስድቡን ከወረቀቱ ብናወጣው ያ ቢሮ ምን ይለን እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ እናጣለን።

ከሰንጠረዡ ውጭ የተጻፈ ነገርም አለ። ሳጥኑ ሲጠበው ጸሐፊው ጠርዝ ላይ ይጽፋል፦ ይህ ሰው ታሟል፣ ይህች እህቷን ትጠብቃለች፣ ይህኛው ስሙ ከሌላኛው ገጽ ጋር አንድ ነው። ሰንጠረዥ ብቻ እንዲለቅም የተማረ ማሽን ጠርዙን ቆርጦ ይጥለዋል። በእኔ ልምድ ከዓምዶቹ ይልቅ ብዙ የሚነግሩን እነዚያ ጠርዞች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ከሚመለከቱት ረድፍ ጋር በመስመር ተያይዘው ምልክት ይደረግባቸው።

በወረቀቶቹ ላይ ያሉት ብዙዎቹ ሰዎች በሕይወት አሉ። ስለዚህ የቤተሰብ ወረቀት አገኘሁ ብሎ ፎቶ አንስቶ በየቦታው መልቀቅ ነውር ነው፤ መታወቂያ ቁጥር አለበት፣ የሰው ገመና አለበት። ለልምምድ የሚሆን ገጽ ከፈለጋችሁ ስሙን ቀይሩት።

በእኛ ዘንድ ሰንጠረዥ ከመምጣቱ በፊት የዘር መዝገብ የነበረው በሽማግሌ ራስ ውስጥ ነው። ጋብቻ ሲታሰብ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የልጁንና የልጅቷን ወገን ወደ ላይ እየጠሩ፣ የሚገናኙበት ቦታ እንደሌለ ያረጋግጣሉ። አንዳንዶቻችሁ ይህን በራሳችሁ ሠርግ ዋዜማ አይታችሁታል። እኔ ከምሠራቸው ገጾች ጎን ሦስተኛ ቦታ የጨመርኩት በዚህ ምክንያት ነው። የተጻፈው ምንድነው፣ ትርጉሙ ምንድነው፣ ከዚያ ደግሞ ማን ነገረን የሚል። አንድ አዛውንት ገጹን አይተው «ይሄ ካሳ እኮ የአለሙ ታናሽ ነው» ካሉ፣ ቃላቸው በዚያ ቦታ ከነቀኑ ይገባል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ፈረደ አይሰረዝም።

የማሞን ልጅ ሰባት ቤት ለመቁጠር ከማሞ አባት እንነሳ። አለሙ፣ ተገኘ፣ ፈረደ፤ ወረቀቶቹ እስከዚህ ያደርሱናል። ከፈረደ በላይ ያሉት አራቱ ስሞች በየትኛውም ገጽ ላይ የሉም። በፋይሉ ውስጥ አራት ሳጥን ከፍቼላቸዋለሁ፤ የተደረገባቸው ምልክት አልቦ አይደለም፣ «ገና አልተጠየቀም» የሚል ነው።